የተበታተነች ቮልስ እንዴት መልሳ ትቆማለች?

ቦዲዋ ግቢ ጥግ፣ ሞተሯ በማዳበሪያ ታስሮ፣ በሮቿ ሌላ ቤት ተቀምጠው ለሽያጭ የምትቀርብ አሮጌ ቮልስ ብዙ ሰው ያስፈራል። ለጀማሪ ግን ከእሷ የተሻለ መኪና ያለ አይመስለኝም። ፓራፋንጎዋ (የጎማው መከለያ) እንኳ በቡሎን ነው የሚታሰረው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ትመረት ስለነበር ዕቃዋም ጨርሶ አልጠፋም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላ መቀመጫውን አንሱ። ወለሉ መሃል ላይ ጎላ ብሎ በወጣው ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ከሊብሬው ጋር አመሳክሩት። የሞተሩን ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ታገኙታላችሁ። ካልገጠመ ምንም ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን ለየብቻ በላስቲክ ቋጥራችሁ የየት እንደሆኑ ጻፉባቸው። ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ «የቮልስ ነው» መባሉ አይበቃም። የድሮዎቹ 6 ቮልት ናቸው፣ የኋለኞቹ 12። የድሮዎቹ ቸርኬ በ5 ቡሎን ይታሰራል፣ የኋለኞቹ በ4።

ከዚያ ወለሉን እዩ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ እዚያ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከበሳ እስከ ጤነኛው ብረት አስቆርጣችሁ አዲስ ላሜራ አስበይዱ። ስቱኮ (ቀዳዳ መድፈኛው ልስን) እዚህ አይሠራም።

ሞተሩ ላይ አትቸኩሉ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያው የሚነፋው አየር ነው። አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ «ትርፍ ናቸው» ተብለው የሚጣሉትም እነሱ ናቸው! አንዱ ቆርቆሮ ወይም ዳር ዳሩን የሚዘጋው ጎማ ከጎደለ ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በድሮዎቹ ሞተሮች ቀድሞ የሚጎዳው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩ መንገድ ላይ ቆሞበታል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሳይሟላ ሞተር አታስነሱ። የቫልቭ ክፍተቱን (በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ፤ ለአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ገደማ ይበቃዋል።

የፍሬንና የቤንዚን ጎማዎችን በሙሉ በአዲስ ቀይሩ። ደህና ቢመስሉም ቀይሯቸው። ያረጀ የቤንዚን ጎማ የጋለ ሞተር ላይ ካፈሰሰ መኪናዋን ያቃጥላል።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት በሮቹን፣ ኮፈኑንና ፓራፋንጎዎቹን ገጥማችሁ ሞክሩ። ከተለያየ መኪና የመጣ በር በመጀመሪያው ቀን አይገጥምም። ተስተካክሎ ሲያልቅ ፈታችሁ ቀቡ።

ለማስነሳት ካንዴላዎቹን (እሳት የሚሰጡትን) አውጥታችሁ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) አሽከርክሩት። የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ካንዴላዎቹን ግጠሙና አስነሱ። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ዘይቱን ቀይሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱንም እንደገና ለኩ።