ድሬ ላይ የሮጣችሁበትን ሰዓት አትመኑ

ወታደራዊ አካዳሚ ለመግባት ድሬዳዋ ሆናችሁ ሩጫ የምትለማመዱ ተማሪዎች፣ ዕድላችሁን ከመገመታችሁ በፊት አንድ ቀን ሐረር ወጥታችሁ ሩጡ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ሐረር ግን 1,900 ትጠጋለች፣ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ቢሾፍቱም እንደዚያው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ይቀንሳል። ድሬ ላይ በማለዳ ያስመዘገባችሁት ቆንጆ ሰዓት እዚያ ላይደገም ይችላል።

ሚኒባስ ይዛችሁ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ውጡ፣ ትንሽ ዕረፉ፣ ከዚያ ያንኑ ርቀት ሩጡ። ግምታችሁን በሐረሩ ሰዓት አድርጉት። የቀድሞው የሐረር ጦር አካዳሚ ካዴቶችም የሮጡት በዚሁ አየር ነው።

ድሬ ላይ በቀትር ሮጦ «እኔስ ለምጃለሁ» ማለት አይሠራም፤ እሱ ሙቀት ነው፣ ሌላ ጉዳይ። የመግቢያው የሩጫ ፈተና እዚያው ድሬ ከሆነ ይሄ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አስም ወይም የደም ማነስ ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አናግሩ። ደግሞ የሚኒባስ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የአካዳሚው የምልመላ ማስታወቂያ ላይ የተጠየቀውን ዕድሜና ውጤት እዩ፤ እሱ ካልሞላ ሩጫው ለጤና ብቻ ነው።