ደብተሩን ክደኑት፣ ከዚያ ንገሩኝ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን በሃይላይተር ቢጫ አልብሰው ይመጣሉ። "ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።" ደብተሩን እቀበልና "በል እንግዲህ ንገረኝ" እላለሁ። ጸጥ!

ጭንቅላታቸው ምንም አልሆነም። ደጋግመን ያየነውን ገጽ ዓይናችን ይለምደዋል፤ የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል። አይቶ መለየትና ከባዶ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ትምህርቱን ከፋፍሉት። አሁን የምናስበውን የሚይዘው የአጭር ጊዜ ትውስታ ጠባብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት አካባቢ ነገር ይይዛል ብሎ ነበር፤ ኋላ ኔልሰን ካዋን ወደ አራት አወረደው። ደግነቱ፣ አንዱ "ነገር" ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡትን 12 ጥንድ ነርቮች በተርታ ከመሸምደድ በሥራቸው መድቧቸው፦ መልእክት ወደ አንጎል የሚያመጡ 3፣ ጡንቻ የሚያዙ 5፣ ሁለቱንም የሚሠሩ 4። አሁን የያዛችሁት ሦስት ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ ደብተሩን ክደኑት። ባዶ ወረቀት አውጡና ያስታወሳችሁትን ጻፉ። "ምላሴ ላይ ነበር" የምትሉበት ቦታ ሲመጣ ቶሎ አትግለጡ። ትንሽ ታገሉ፤ ትውስታውን የሚያጠነክረው ያ ትግል ነው። ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ፣ የጎደለውን ብቻ መልሳችሁ አንብቡ። ተማሪዎቼ ይህን አይወዱትም፤ ድክመታቸውን ያሳያቸዋላ! ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በልጠው ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለን በዚህ ነው፤ ወዲያው ስትሞክሩት ይሠራል።

ቀጥሎ ድግግሞሹን አራርቁት። ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና ራሱን ፈትኖ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይፈጥናል፣ ከዚያ ይዘገያል። ስለዚህ ወረቀቱን በማግስቱ ድገሙት፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ እንደገና፣ ከዚያ በሳምንት። በየመሃሉ ትንሽ መርሳታችሁ አያስደንግጣችሁ።

እንቅልፍ ላይ አልደራደርም። አዲስ ትምህርት እንዲጸና ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል ያስፈልጋል። ሄንሪ ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ይህ ክፍል በአብዛኛው ከተወገደለት በኋላ፣ ከሰው ጋር እያወራ ቆይቶ ትንሽ ቆየት ሲል ማግኘቱን እንኳ አያስታውስም ነበር። ስንተኛ ሂፖካምፐስ የቀኑን ትምህርት መልሶ ያንቀሳቅሰዋል፤ በዚያው ትውስታው ይጸናል። ፈተናው ነገ ጠዋት ከሆነና ሁለት ምዕራፍ ከቀራችሁ፣ አንዱን በባዶ ወረቀት ሥሩና ተኙ። ሌላውን እርሱት።