ባትሪ ያፈሰሰበት የድሮ ኮምፒውተር? አቼቶ ያዙ
የድሮ ኮምፒውተር የምትሰበስቡ የጎንደር ልጆች፣ ቅዳሜ ገበያ 386 ወይም 486 የሚባሉትን የድሮ ፒሲዎች ካገኛችሁ ከማብራታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱ። ማዘርቦርዱ (ዋናው የሰርኪት ሰሌዳ) ላይ በርሜል የመሰለ ባትሪ ካለና ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ከያዘ አፍስሷል ማለት ነው። አሚጋ 500 ፕላስ የሚባለው የድሮ ኮምፒውተርም ይሄው ችግር አለበት።

ጓንት አድርጉና ባትሪውን ቆርጣችሁ አውጡ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነጭ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ዝገቱን ቀስ ብላችሁ እሹት። ትንሽ አረፋ ካወጣ እየሠራ ነው። ከዚያ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ እጠቡት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ። በክረምት በተለይ እንዳትቸኩሉ።

ብዙ ሰው በአቼቶ ፋንታ ቤኪንግ ሶዳ ተጠቀሙ ይላል። ሶዳ የሚሠራው ለመኪና ባትሪ ነው፣ ምክንያቱም እሱ የሚያፈሰው አሲድ ነው። ይሄኛው ግን ኒኬል ካድሚየም ነው፤ የሚያፈሰው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ማርከሻው አሲድ ነው። ሎሚም ይሆናል፣ ግን የሚያጣብቅ ነገር ስለሚተው እኔ አቼቶ እመርጣለሁ።

አቼቶው ቦርዱ ላይ እንዳያድር፤ እሱ ራሱ መዳቡን ይበላል። ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመር ቀድሞ ተበልቶ ከተቆረጠ ደግሞ አቼቶ አይመልሰውም፣ በቀጭን ሽቦ መበየድ ነው።