የሴት ልጅዎ ጡት ሲያጎጠጉጥ

ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ በአንደኛው የጡት ጫፍ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ጠንከር ያለች፣ ሲነኳት የምታም ጉብታ ብቅ ትላለች። እናቶች የሚደነግጡት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በአንድ በኩል ብቻ ስለምትወጣ ነው። ሌላኛው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይከተላል። ይህች ጉብታ ራሷ ጡቱ ናት። አይሹዋት፣ ወጌሻም እንዲያሻት አይፍቀዱ፤ «እጢ ነው፣ ይውጣ» ቢባሉ እንኳ የልጆችን ጡት የሚያውቅ ሐኪም ሳያይ እሺ አይበሉ። ከተቆረጠች በዚያ በኩል ጡት አይወጣም፤ ይህ ጉዳት የማይመለስ ስለሆነ አደራ እንላለን። ጡቱ ከ8 ዓመት በፊት ከጀመረ ወይም 13 ሞልቷት ምንም ከሌለ ግን ሐኪም ይያት።

አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው፤ እድገቱ ለዓመታት ስለሚቀጥል ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠባል።

የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚሰማ ሕመም በሁለቱም ጡቶች ላይ ይሆንና ወሩ ሲመጣ ይቀላል። በደንብ የሚይዝ ጡት መያዣ ብቻውን ብዙ ያስታግሳል። ከጡት ሥር፣ ከዚያም በጫፉ ላይ ዙሪያውን በሜትር ይለኩና ልኩን ጽፈው ወደ መርካቶ ይሂዱ። ማሰሪያው ሁለት ጣት ያስገባ፤ ጀርባ ላይ ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቷል፣ ትከሻ ላይ መስመር ከተወ የትከሻው ማንገቻ ጠብቋል። በየ6 ወሩ እንደገና ይለኩ።

ከፍ ባለች ልጅ ላይ የሚገኝ፣ ሲነኩት ከጣት ሥር የሚሸሽ፣ የማያምና ጠርዙ የለሰለሰ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት እጢ) ነው፤ ካንሰር በዚህ ዕድሜ እጅግ ብርቅ ነው። በየወሩ ፈትሺ እያሉ አያስጨንቋት። እብጠት ካገኘች ግን የወር አበባዋ ከመጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ጡቱ ሲለሰልስ፣ ተኝታ በሦስት ጣቶች የውስጥ ገጽ በቀስታ ትዳስስና ቦታውንና መጠኑን ከነቀኑ ትጻፍ። ከሚቀጥለው ወር አበባ በኋላም ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው፤ በወጣት ጡት ውስጥ ሥጋው ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) እብጠቱን አጥርቶ አያሳይም።

ጡቱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ካላት መግል ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ይሂዱ፤ አይጭመቁት። ከጫፉ ደም ከወጣ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ እብጠቱ ደርቆ ካልተንቀሳቀሰ ወይም በፍጥነት ካደገም አይቆዩ። ወተት የመሰለ ፈሳሽ በእርግዝና፣ በሆርሞን መዛባት ወይም በምትወስደው መድኃኒት ሊመጣ ስለሚችል ለሐኪሙ ሁሉንም ይንገሩ።

ከጤና ጣቢያ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ሌላ ሆስፒታል ከተላከች የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ። ሴት ሐኪም መጠየቅ መብቷ ነው፤ በምርመራው ሰዓት አብረዋት ይግቡ ወይስ ውጭ ይጠብቁ እሷን ይጠይቋት። የቀድሞውን አልትራሳውንድ ውጤትም አይርሱ፤ እብጠቱ ማደጉ የሚታወቀው ልኩ ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር ነው።