የቪአር ልምምድ አልሄድ ሲል፦ ለሚድዋይፈሪ ስኪል ላብ ችግርና መፍትሄ

"ተበላሽቷል" ተብሎ ወደ አይሲቲ ክፍል ከሚላከው የቪአር ሄድሴት (ዓይን ላይ የሚታሰር፣ በምስል የተሠራ ክፍል የሚያሳይ መሣሪያ) ብዙው ያልተበላሸ ነው። ወይ ፊት ላይ በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይ የክፍሉ ብርሃን አልተስማማውም፣ ወይ ችግሩ ያለው ትምህርቱ በተዘጋጀበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተማሪዋን ፊት፣ ቀጥሎ ክፍሉን፣ ከዚያ ትምህርቱን ፈትሹ፤ መሣሪያውን መፍታት የመጨረሻው ነው። ዝርዝሩ የተወሰደው ከሜታ ኩዌስት 2 እና ኩዌስት 3 ነው፤ ሌሎች ሄድሴቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም።

"ያዞረኛል፣ ሊያስመልሰኝ ነው"

ነገሩ በማስመለስ አይጀምርም። ስታወራ የነበረች ተማሪ ዝም ትላለች፣ ግንባሯን ያልባታል፣ ምራቋን ቶሎ ቶሎ ትውጣለች፣ ታዛጋለች። ከእነዚህ አንዱን እንዳያችሁ አስወልቋት። "ትንሽ ታገሺ፣ ይለመዳል" የሚባለው ጎጂ ምክር ነው፤ ስሜቱ ከጀመረ በኋላ መቀጠል ያባብሰዋል፣ ለሰዓታትም ሊከተላት ይችላል። ትቀመጥ፣ በመስኮት ሩቅ ትመልከት፣ በዚያ ቀን ባትመለስበት ይሻላል።

ዋናው መንስኤ ዓይን "እየሄድኩ ነው" ሲል የውስጥ ጆሮ "ቆሜያለሁ" ማለቱ ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው የኮንትሮለሩን (በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) ጆይስቲክ እየገፉ በምስሉ ክፍል ውስጥ ሲንሸራተቱ ነው። በፕሮግራሙ ሴቲንግ ጆይስቲኩን አጥፍታችሁ ቴሌፖርት (ሳይንሸራተቱ ወደ መረጡት ቦታ በአንዴ መዝለል) አድርጉት። ከዚያ የሚሻለው ልምምዱን አልጋው አጠገብ ማስጀመር ነው፤ ተማሪዋ በራሷ እግር አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ቀን ተቀምጣ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ዙር ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ምጥም ደምም አይኑር፤ ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ፣ ጓንት ማድረግ ይበቃል።

የሚጥል በሽታ ያለባት ተማሪ ያለ ሐኪም ፈቃድ ሄድሴት አታድርግ። ይህን ግን በክፍል ፊት አትጠይቁ፤ ከቀኑ በፊት በወረቀት ጠይቁ።

"ድብዝዝ ይልብኛል፣ ዓይኔን ያመኛል"

አንዳንድ ጊዜ መስተካከል የሚገባው የሌንሶቹ ርቀት ነው። ተማሪዋ ፊት ለፊት ሩቅ እያየች ከአንዱ ብሌን መሃል እስከ ሌላው መሃል በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ቁጥሩን መታወቂያዋ ጀርባ ላይ ለጥፉላት፣ በየሳምንቱ መለካት አያስፈልግም። ኩዌስት 2 ያለው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። ከ61 በታች የሆነች አንደኛውን፣ ከ61 እስከ 66 ሁለተኛውን፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛውን ትጠቀም። ኩዌስት 3 ላይ ከታች ያለውን ጎማ በማዞር ቁጥሩ ላይ ማድረስ ይቻላል።

ርቀቱ ትክክል ሆኖ ከደበዘዘ ፀጉሩን እዩ። ወደ ኋላ የተጠቀለለ ሹሩባ ወይም በሻሽና በሂጃብ ስር ያለ ቋጠሮ የኋላውን ማሰሪያ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፊተኛው ክፍል ወደ ጉንጭ ይወርዳል። ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን ነገር ነውና አፍንጫ ላይ ከወደቀ ያማል። ቋጠሮው ወደ ማጅራት ይውረድ፤ የኋላው ማሰሪያ ከራስ ቅሉ እብጠት በታች ይያዝ፤ የላይኛውን ማሰሪያ መጨረሻ ላይ አጥብቁ። የወለቀ ሄድሴት ላይ ሻሽ ወይም ሌላ ጨርቅ በሌንሶቹ መካከል ያለውን ትንሽ ሴንሰር ከሸፈነ ደግሞ ሄድሴቱ እንደተለበሰ ቆጥሮ አይጠፋም፤ "ባትሪው ቶሎ ያልቃል" ከሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌንስ የሚጠረገው በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ብቻ ነው። አልኮል የሌንሱን ሽፋን ያበላሻል፣ ጎዝ ደግሞ ይጭረዋል። ስኪል ላብ ውስጥ ሁለቱም እጅ ላይ ስላሉ ስህተቱ በቀላሉ ይፈጸማል። ፊትን የሚነካው ክፍል ግን የሲሊኮን ሽፋን ካለው በየተማሪው መካከል በአልኮል ይጠረግ፣ እስኪደርቅም ይጠበቅ። ዓይኗ የቀላ ወይም ዓይናር የሚወጣት ተማሪ እስክትድን አታድርግ።

እጇ ይንቀጠቀጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል

ሄድሴቱ ራሱንም እጅንም የሚከታተለው በካሜራ ነው፤ ስለዚህ የክፍሉ ብርሃን ወሳኝ ነው። ጨለማ አይወድም፣ ቀጥተኛ ፀሐይም አይወድም። መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወለል እና ምንም ያልተለጠፈበት ነጭ ግድግዳ ያደናግሩታል። መጋረጃ ዝጉ፣ መስታወቱን በአንሶላ ሸፍኑ፣ ግድግዳው ላይ ያላችሁን የአናቶሚ ፖስተሮች ለጥፉ። ፍሎረሰንት መብራት ስር ምስሉ የሚርገበገብ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ የትራኪንግ ፍሪኩዌንሲ የሚለውን ፈልጋችሁ 50 ኸርዝ አድርጉት። የእኛ መብራት 50 ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ 60 ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አንዱ እጅ ብቻ ከጠፋ የዚያን ኮንትሮለር የባትሪ ድንጋይ ቀይሩ። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ 1.2 ቮልት ስለሆነ መጠኑን ከእውነቱ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ ለዚያ ብቻ አትጣሉት። ለቆመ ልምምድ ቢያንስ 2 በ2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፣ የማኒኪኑ (የሰው ቅርጽ ያለው የመለማመጃ አሻንጉሊት) አልጋም ከዚያ ውጭ ይሁን።

አንዷ ትሠራለች፣ ሌሎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምታየውን አያዩም። በዋይፋይ ወደ ስክሪን ማስተላለፍ የካምፓስ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ይቆራረጣል። ለአንድ ክፍል ብቻ የሚሆን 5 ጊጋኸርዝ ራውተር አስቀምጡ፤ ወደ ስልክ አፕ ለማስተላለፍ ሄድሴቱና ስልኩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸው ነው ዋናው። አስተማማኙ ግን ገመድ ነው፦ ዴቨሎፐር ሞድ የተከፈተለት ሄድሴት በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ scrcpy በሚባል ምስሉን ወደ ላፕቶፕ በሚያመጣ ፕሮግራም ያለ ኔትወርክ ይታያል።

ከዚያ ሥራ ስጧቸው። አራት ተማሪ ለአንድ ሄድሴት ይመደብ፦ አንዷ ውስጥ ትገባለች፣ አንዷ ቼክሊስት ትይዛለች፣ አንዷ ሰዓት ትቆጥራለች፣ አንዷ ግድግዳ እንዳትመታ አጠገቧ ትቆማለች። ለእያንዳንዷ 12 ደቂቃ፣ ለመጥረጊያና ለመቀያየሪያ 3 ደቂቃ ቢያዝ አንድ ሰዓት ይሆናል። ቀጥሎ 25 ደቂቃ ለውይይት። ሰዓት ሲያጥር ብዙ መምህራን የሚቆርጡት ውይይቱን ነው፤ ከተቆረጠ ከልምምዱ ዙር አንዱ ይቆረጥ እንጂ ውይይቱ አይነካ።

በቪአር ከፍተኛ ነጥብ፣ በኦስኪ (በተግባር ፈተና) መውደቅ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ይቆያል። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስን በቪአር በሚገባ የተወጣች ተማሪ ማኒኪኑ ጋ ስትቆም እጇ አየር ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚነሳው ዕቃ ብልጭ እንዲል ትጠብቃለች።

አንዱ መንስኤ ይኸው ብልጭታ ነው። መሪ ምልክት የሚያሳየው ሞድ ቅደም ተከተል ለማስተማር ጥሩ ነው፤ ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ግን ካልጠፋ ተማሪዋ የምታጠናው መብራቱን ነው። አጥፉት፣ ነጥቧ ይውረድ።

ሌላው በምስሉ ውስጥ የተዘለለው ሥራ ነው። ኦክሲቶሲኑ ተቀድቶ፣ መርፌው ተዘጋጅቶ ይቀርብላታል። ኦክሲቶሲን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መሆኑን፣ አምፑል መስበሩን፣ 10 ዩኒት መቅዳቱን፣ ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ጡንቻ ላይ መወጋቱን እጇ አያውቀውም። ሄድሴቱን ባወለቀች በዚያው ሰዓት አምፑል፣ ሲሪንጅና ሰዓት ይዛ ትሥራው፤ ለሳምንት አይደር።

ሦስተኛው ንክኪ ነው። ኮንትሮለር ይንዘራል እንጂ የላላ ማህፀንን ከጠበቀ ማህፀን አይለይም፣ እትብት ሲጎተት ያለውን ተቃውሞ አያሳይም፣ የማህፀን በር 6 ሴንቲ ሜትር መከፈቱን ከ8 በሁለት ጣት አያስለይም። የአምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት) ማስክ ከሕፃኑ ፊት ጋር ሳይገጥም አየር ቢያመልጥ በቪአር ቁልፉ መጫኑ ብቻ ይቆጠራል። ኒዮናታሊ በሚባለው የሕፃን ማኒኪን ላይ ግን ማስኩ ካልገጠመ ደረቱ አይነሳም። ስለዚህ ስኪሉን ከፋፍሉት፦ ምን፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚለው በቪአር፤ እንዴት የሚለው በእጅ። ማማናታሊ (የወሊድ መለማመጃ ማኒኪን) ከሌላችሁ በግማሽ የተነፋ የኳስ ከመነዳሪና በደንብ የተነፋ ሌላ ከመነዳሪ ፎጣ ስር አስቀምጡና በመዳፍ ይለዩ። ለማህፀን በር ካርቶን ላይ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ቆርጣችሁ በጨርቅ ሸፍኑት። የደም መጠን ግምት ደግሞ ከስክሪን ላይ ፈጽሞ አይለመድም፤ 300 እና 500 ሚሊ ሊትር የከርከዴ ውሃ ለክታችሁ አንሶላና ጎዝ ላይ አፍስሱ፣ ሳትነግሯቸው ይገምቱ። አሳንሰው ነው የሚገምቱት።

ማርክን በተመለከተ የቪአሩን ነጥብ ለተማሪዋ አሳይዋት፣ ሪፖርት ላይ ግን አታስገቡት።

ፕሮግራሙ የሚለውና እኛ የምንሠራው አይገጥምም

ፕሮግራሙ የተሠራበት አገር ፕሮቶኮል አብሮት ይመጣል። የአሜሪካው የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ደም መፍሰስን በ1000 ሚሊ ሊትር ይተረጉማል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግን 500 ነው፣ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ ደግሞ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ከተዛባ 300 ላይ እርምጃ ይጀመራል። ንቁ ምጥ የሚጀምርበት የማህፀን በር ስፋትም እንዲሁ፦ በአሜሪካ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሌበር ኬር ጋይድ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) 5፣ በቀድሞው ፓርቶግራፍ 4። ተማሪዋ ሦስቱን በአንድ ሴሚስተር ብትሰማ ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም።

ከልምምዱ በፊት መምህሩ ፕሮግራሙን ራሱ እስከ መጨረሻው ይሥራውና አንድ ገጽ ያዘጋጅ፦ በግራ ፕሮግራሙ የሚለው፣ በቀኝ ማዋለጃ ክፍላችን የሚሠራው። ሲቲጂ ማሽን (የጽንሱን የልብ ምት ያለማቋረጥ የሚመዘግብ) ሲታይ በቀኝ በኩል "ፌቶስኮፕ ወይም ዶፕለር፣ በንቁ ምጥ በየ30 ደቂቃው፣ በማማጥ ጊዜ በየ5 ደቂቃው" ይጻፍ። ወረቀቱ ቼክሊስት የያዘችው ተማሪ እጅ ይሁን፤ ልዩነቱ ሲደርስ ጮክ ብላ ታንብበው። የእንግሊዝኛው ድምፅ ከፈጠነም የጽሑፍ መግለጫውን ክፈቱ፣ ከባድ ቃላቱን አስቀድማችሁ በትኑ።

ቻርጅ አይይዝም

ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ነው። የአሮጌ ስልክ 5 ዋት ቻርጀር እየተሠራበት ያለ ሄድሴትን አይችልም፤ 18 ዋት ያለውን ተጠቀሙ። ሙሉ ባትሪ ከሁለት ሰዓት ብዙ አያልፍም፤ መብራት ለሚሄድበት ግቢ በየሄድሴቱ አንድ ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ያዙ። ልምምዱ ሊጀመር ሲል ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ አፕዴት ማውረድ እንዳይጀምር በዋዜማው አስጨርሱት።

ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ ነጥብ ወይም መስመር

ሌንሶቹ ወደ ፀሐይ ዞረው ተቀምጠው ነበር። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ይህ ስክሪኑን ከመቀየር ሌላ መፍትሄ የለውም። መስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ሄድሴቱ ከተማሪዋ ራስ ሲወርድ በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ።