ፖረስ ሲሊከንን ለጋዝ ሴንሰር ማዘጋጀት፦ አየር ሳይቀድማችሁ

ለአዳዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። ፖረስ ሲሊከን፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሲሊከን፣ በአሲድና በኤሌክትሪክ ተበሳስቶ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ገጹ መለወጥ ይጀምራል። እናንተ ካልለወጣችሁት አየሩ ይለውጠዋል፤ ያውም አየሩ እንደፈለገው።

ትኩስ ፖረስ ሲሊከን ገጹ በሃይድሮጅን የተሸፈነ ነው። የአየሩ ኦክስጅንና እርጥበት ይህንን ሽፋን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ኦክሳይድ ይቀይሩታል። ስለዚህ ያልታከመ ሴንሰር ዛሬ የሚያሳየውን ቁጥር ከወር በኋላ አያሳይም። በእንዲህ ያለ ሴንሰር የተለካ ውጤት ላይ ጊዜ ማጥፋት ያሳዝነኛል።

ስለ አሲዱ ሳልናገር አላልፍም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳን አልፎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ብቻችሁን አትሥሩ። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። ከነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ ጄሉን ቀቡ፣ ከዚያ ባያምም እንኳ ሐኪም ቤት ሂዱ። ዕቃው ቴፍሎን ይሁን፤ አሲዱ ብርጭቆ ይበላል።

ከአሲዱ ሲወጣ በኢታኖል እጠቡት፣ ቀጥሎ በፔንቴን፣ ከዚያ በናይትሮጅን አድርቁት። በውሃ ታጥቦ ቢደርቅ ውሃው ከቀዳዳዎቹ ሲወጣ ስስ ግድግዳዎቹን ስቦ ይሰነጥቃቸዋል።

አሁን ገጹን በምን እንደምናክመው ምርጫው ይመጣል፤ ምርጫውን የሚወስነው የምንለካው ጋዝ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ መለካት ከፈለጋችሁ ገጹን አጥብቃችሁ ኦክሳይድ አታድርጉት፤ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለሃይድሮጅን ጋዝ ፓላዲየም ይጨመርበታል። የአልኮል ወይም የቶሉይን እንፋሎትን በብርሃን ነጸብራቅ ለመለካት ግን ሁለት መንገዶች አሉ።

ቀላሉ ምድጃ ነው። 600 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ተራ አየር፣ አንድ ሰዓት፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። የሚወጣው ገጽ የተረጋጋ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ይወዳል። የአየሩ እርጥበት ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ቀዳዳዎቹን ከምትፈልጉት እንፋሎት ጋር ይሻማል።

ስለዚህ እርጥበት ባለበት ቦታ ለሚሠራ ሴንሰር እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን መንገድ፣ ሃይድሮሲሊሌሽንን (የካርቦን ሰንሰለትን ከሲሊከኑ ገጽ ጋር ማያያዝን) ነው። 1-ዶዴሲን የተባለውን ፈሳሽ ውሰዱ። አርጎን ወይም ናይትሮጅን ለግማሽ ሰዓት ያህል እየነፋችሁበት ኦክስጅኑን አስወጡ። አሁን የደረቀውን ቺፕ (የሲሊከኑን ቁራጭ) ሳትውሉ ሳታድሩ ክተቱት። ጋዙ ሳይቋረጥ 120 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓታት ይቆይ፤ ማታ አስገብቶ ጠዋት ማውጣት ይመቻል። ካርቦኑ ከሲሊከኑ ጋር በቀጥታ ይተሳሰራል፤ ረጅሙ የካርቦን ሰንሰለትም ውሃን ያርቃል። ሲቀዘቅዝ በሄክሴን፣ ከዚያ በኢታኖል እጠቡት። በአሴቲሊን ጋዝ 500 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ ሌላ ዘዴም አለ፤ በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን በትክክል የተሠራ የጋዝ መስመር ለሌለው ቤተ ሙከራ አልመክረውም።

መሳካቱን በዓይን አትፍረዱ። በኢንፍራሬድ መለኪያ (ቁጥሮቹ በሴንቲሜትር የሞገድ ብዛት፣ cm⁻¹፣ ናቸው) 2850 እና 2920 አካባቢ የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር መስመሮች መታየት አለባቸው። 2100 አካባቢ ያለው የሲሊከንና የሃይድሮጅን መስመር ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። ከ1000 እስከ 1100 ባለው ክልል ሰፊ ጉብታ ከጎላ ግን ኦክስጅን ገብቷል፤ የጋዝ ቱቦውን ፈትሹ። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ያልታጠበ ዶዴሲንም እነዚያኑ የካርቦን መስመሮች ያሳያል። ስለዚህ እንደገና እጠቡና ድገሙት። መስመሮቹ ካልቀነሱ ትስስሩ እውነተኛ ነው።

የምትለኩትን ጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት መጀመሪያ ደረቅ ናይትሮጅን፣ ቀጥሎ እርጥብ ናይትሮጅን ብቻ አሳልፉበት። ከዚያው ዌፈር (የሲሊከን ዝርግ) የተቆረጠ ያልታከመ ቺፕም ጎን ለጎን ይለካ። በእርጥቡ ናይትሮጅን ጊዜ የታከመው ቺፕ ንባብ ካልታከመው ወንድሙ እኩል ከተንቀሳቀሰ ወደ ዶዴሲኑ ተመለሱ።