በሳንቲም የሚሠራ ጥንታዊ የመሸጫ ማሽን፦ አመራረጡና አያያዙ

በሳንቲም የሚሠሩ የመሸጫ ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ1883 ለንደን ውስጥ ፖስት ካርድ፣ በ1888 ደግሞ በኒውዮርክ የባቡር መሳፈሪያዎች ላይ ማስቲካ መሸጥ ሲጀምሩ ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም ነበር፤ የባቡር ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ የማሽኑን ዋጋ የሚወስነው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበሩት አካላቱ ምን ያህሉ እንደተረፉ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የኋላ መዝጊያውን አስከፍተው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። መስቀለኛ አናት ያለው ብሎን በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በመሆኑ፣ የ1900 እ.ኤ.አ. ነው በተባለ ማሽን ላይ ካገኙት ወይ በኋላ ተፈትቶ ተጠግኗል፣ ወይም ከነጭራሹ ቅጂ ነው። በብረቱ ላይ ጎልተው የወጡትን ፊደላትም በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከድሮ ማሽን ቅርጽ ተወስዶ እንደገና የፈሰሰ ብረት ጠርዙ ይዶለዱማል፣ መጠኑም በጥቂቱ ያንሳል።

ከሁሉም በላይ ሊመረመር የሚገባው የሳንቲም መቀበያው ነው። እጀታው ሲዞር ሳንቲሙ የመቆለፊያውን ጥርስ ከፍ አድርጎ ያሳልፋል፤ ሳንቲም ከሌለ ጥርሱ ወርዶ እጀታውን ይይዘዋል። ለአሜሪካ አንድ ሳንቲም የተሠራ መቀበያ የሚጠብቀው 19.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሳንቲም ነው። የእኛ 5 ሳንቲም በጥቂቱ ስለሚሰፋ አይገባም፤ ይህን አይተው ቀዳዳውን በሞረድ ካሰፉት ግን ትክክለኛው ሳንቲም እየተንሸራተተ ጥርሱን ማንሣት ይሳነዋል። እባክዎ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ የማሽኑን ሳንቲም ፈልገው ያግኙ።

የተበላ ጥርስ ወይም የጠፋ ዘንግ ቢኖር ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል፤ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የነበራት ድሬዳዋ በዚህ ሙያ የታደለች ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ። የተነሣውን አሮጌ አካል ግን ከማሽኑ ጋር ያስቀምጡት።

ቀለሙን አይፋቁ፤ የዚያ ዘመን ቀለም የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለጤናም ጎጂ ነው። መቀበያውንም ዘይት አያጠጡት፤ የድሬዳዋ አቧራ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይበላዋል። ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ይበቃዋል። ሐረር ላይ በክረምት የሚያሰጋው እርጥበት ስለሆነ፣ የውጭውን ብረት ስስ ሰም ቀብተው ከድንጋይ ግድግዳ አርቀው ያኑሩት፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የተለጠፈበት የወረቀት ምልክት እንዳይደበዝዝ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁት።